ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ

የቡ፤ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰብስቤ ልጅ፣ ለዮኤል

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ልያስ እንደምን አለችልህ? እኔ አክስትህ፣ ጉልበቴን ከሚይዘኝ ቁርጥማት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ፤ ከዚያ አገር ብርድና ከዓሣ ፋብሪካው ቢላዋ ትሰውርህ።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ እንዳትለኝ። በስልክ ስናወራ ግማሹ ይቆራረጣል፣ ግማሹን ደግሞ አንተ "እሺ፣ እሺ" እያልክ ታሳልፈዋለህ። ወረቀት ላይ "እሺ፣ እሺ" ብሎ ማምለጥ የለም። እኔ እጽፋለሁ፤ ሙኒር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሃል። የአንተን መልስም አትሞ ይሰጠኛል። እርግጥ ከሁለታችንም ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው። ያንብብ። ሙኒር፣ ራስህን አትነቅንቅ።

ባለፈው ሳምንት ከጅማ ሰዎች መጡ። መዋጮ ሊጠይቁ መስሎኝ በሩን በግማሽ ነበር የከፈትኩት። ጽዮናዊት የምትባል፣ የጎማ ቦቲ ያደረገች ልጅ፣ "እናቴ፣ እርሻቸውን እየሠሩ የዱር እንስሳትን ለሚያስጠጉ ገበሬዎች እውቅና እንሰጣለን፤ ስለ እርስዎ ሰምተን ነው" አለችኝ። ተመልሼ ገብቼ ነጠላዬን ቀይሬ ወጣሁ።

ከታች ከእኔ ድርሻ ጀምሬ እስከ ላይኛው፣ እስከ ወንዙ ዳር እስከ አባትህ ድርሻ ድረስ አዞርኳቸው። ቡናው ሥር ቆቅ ከነጫጩቶቿ ብድግ አለች። ዋንዛው ላይ ሶሪት የምትባለው ወፍ ነበረች። ጉሬዛዎቹ ከቀረሮው ዛፍ አናት ነጭ ጭራቸውን አንዠርግገው ቁልቁል ያዩናል፤ ማን ጠራችሁ የሚሉ ነው የሚመስሉት። ጥርኝ ከጣለው ኩስ ላይ የበቀለ የቡና ችግኝ ሳሳያት ጽዮናዊት ተንበርክካ ፎቶ አነሳችው። ሰው ኩስ ፊት ሲንበረከክ ገና አሁን አየሁ።

አባትህ ካረፈ ወዲህ ሁለቱንም ድርሻ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የላይኛው በስምህ መሆኑን ግን አልረሳሁም፤ ለሰዎቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ጎረቤታችን አባቦራ ተቀይሞኛል። ጥፋቱ የዝንጀሮ ነው። መንጋው የሚያድረው ላይኛው ድርሻ ላይ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ነው፤ ጠዋት ወርዶ ቁርሱን የሚበላው ግን ከአባቦራ በቆሎ ነው። እንግዶቹ እንደወጡ አጥሩ ጋ መጥቶ፣ "አደ አበራሽ፣ አንቺ ታሳድሪያለሽ፣ እኔ አበላለሁ። ሽልማቱን የምትወስጂው አንቺ! ኩን ማሊ? ይሄ ምን የሚሉት ነው?" አለኝ። እኔ እውነት ሲነግሩኝ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ እጮሃለሁ። ጮህኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ገንዘብ አትላክልኝ። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አለ አይደል? እሱን ላክልኝ። ዝንጀሮዎቹ ከዛፍ ሲወርዱ ከቤቴ ሆኜ ካየሁ፣ በቆሎው ሳይደርሱ እጮህባቸዋለሁ። ጩኸት እንደሆነ አላጣም።

አክስትህ አበራሽ


ቤርገን፤ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ አበራሽ

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ እኔም ልያም ደህና መሆናችንን እገልጻለሁ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ነበር። እዚህ እንደ ጅማ ክረምት ሳያባራ ይዘንባል። ልዩነቱ እዚህ ከዝናቡ በኋላ የሚበቅል ነገር አለመኖሩ ነው።

አንድ የምሥራች አለኝ፤ ልያ አርግዛለች። ይጸልዩልን።

ስለ እውቅናው ደስ ብሎኛል። ግን እትዬ፣ በግልጽ ልናገርና፣ የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ምሳ አይሆንም። እነዚያ ጦጣዎች ስንት ዓመት ሙሉ ያለ ኪራይ ኖሩ! እርስዎ ይደክማሉ፣ እነሱ ይዝናናሉ፣ ጎረቤት ይጣላል። አባቦራ የተናደደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ለመሆኑ ላይኛው ድርሻ ላይ ትልልቁ ዛፍ ስንት ይሆናል? የቀረሮው ግንድ ዙሪያውስ ስንት ክንድ ይደርሳል? ዋንዛዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ የተጣመሙ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

መነጽሩን አልረሳሁም። ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

አክባሪዎ ዮኤል ሰብስቤ


የቡ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮኤል

የልያን ወሬ ሰምቼ እልል ብያለሁ። ሙኒርም ከኋላዬ እልል ሊል ሲል ከለከልኩት። እመብርሃን በሰላም ታገላግላት። እኔ ደህና ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ጦጣ አይደሉም፤ ጉሬዛ ናቸው። ጦጣና ዝንጀሮ ቡና ይለቅማሉ፣ ጉሬዛ ግን ቅጠሉን በልቶ ዛፉ ላይ የሚውል ጨዋ ነው። ልጅ ሆነህ በወንጭፍ ስትመታቸው ጆሮህን ይዤ ያስተማርኩህ ይህንኑ ነበር። ጆሮህ ረሳው።

ለቀማውን ጨርሰናል፤ "ጨርሰናል" የምለው ለወጉ ነው እንጂ ዘንድሮ ደቦ አልነበረም። ሁልጊዜ የአባቦራ ቤት ለእኔ ቡና ይወጣል፣ እኔ ለእሱ በቆሎ ሰው እልካለሁ። አባትህ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ቅርጫታቸውን ይዘው በአጥሬ ዳር አለፉና የሌላ ሰው ቡና ሊለቅሙ ሄዱ። አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። ከሰኮሩ ሁለት ለቃሚ ቀጥሬ፣ እኔም ቁርጥማቴን ታቅፌ ለቀምኩ። ከፊሉ ዛፍ ላይ ደረቀብኝ። አለቀስኩ ብልህ ውሸት አይሆንም፤ ያለቀስኩት ግን ከንዴት ነው።

ቅጥረኞቹ የእያንዳንዱን ቡና አናት ሳንለቅም ስናልፍ ገረማቸው። "ይሄ ለማን ነው?" አሉኝ። "ለላይኞቹ" አልኳቸው። እነሱ ጨዋታ መሰላቸው። ይህ የቤታችን ወግ ነው። አባትህ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ የታችኛውን ለቅሞ ይለቀዋል፤ ቅርንጫፉ አናቱን እንደያዘ ሽቅብ ይመለሳል። ወፍና ጥርኝ ድርሻቸውን እዚያ ያገኛሉ፤ ያንተን ድርሻ የጠበቅኩትን ያህል የእነሱንም እጠብቃለሁ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የግንድ ዙሪያ የሚጠይቁኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የሬሳ ሣጥን ሠሪና የጣውላ ነጋዴ። አንተ ከሁለቱ የትኛው ነህ? "እንዲሁ ለማወቅ ያህል" ብለህ አትመልስልኝ። አባትህም ሲዋሽ መጀመሪያ ስለ ዝናብ ነበር የሚያወራው።

መነጽሩ ይቆይ። አሁን የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ላይኛውን ድርሻ አላስቆርጥም በለኝ።

አበራሽ


ቤርገን፤ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ አበራሽ

ጤናዎን እመኛለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይህን ግን አልቀድም።

የላይኛውን ድርሻ ዛፍ ሸጬዋለሁ። የአጋሮው ጣውላ ነጋዴ ጀቤሳ ቀብድ ከፍሎኛል፤ ውክልናም ልኬለታለሁ። ፈቃዱን እሱ ራሱ ያወጣል። በቅርቡ ይመጣል።

አዝናለሁ አልልም። ትከሻዬን ዓሣ የሞላበት ሣጥን ጎድቶኝ ሁለት ወር በአንድ እጄ ነው የሠራሁት፤ ይህን አልነገርኩዎትም ነበር። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ ሲመጣ የት ላስተኛው? እርስዎ ለጉሬዛ ማደሪያ ሲጨነቁ፣ ለእኔ ልጅ ማደሪያ የሚጨነቀው ማነው?

መሬቱ የአባቴ ነው። እሱ ለእኔ ተወው እንጂ ለዝንጀሮ አልተወውም። እርስዎ ስለጠበቁት አመሰግናለሁ። ግን የጠበቀ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። ደግሞ ዛፉ ቢቆረጥ የሚጎዳው ማነው? ዝንጀሮው ይሄዳል፣ አባቦራ በቆሎውን ያገኛል፣ እርስዎም ጎረቤትዎን ያገኛሉ። ቆም ብለው ቢያስቡት ለእርስዎም ይበጃል።

ሽልማቱን በታችኛው ድርሻ ይውሰዱ። እኔ አልከለክልዎትም።

ዮኤል


የቡ፤ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮኤል

ሰላምታውን ለልያ አድርስልኝ። ትከሻህን ፈጣሪ ይማርልኝ እላለሁ፤ ስትጎዳ ብትነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ እል ነበር። ለሌላው ግን የምለው አለኝ፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ጀቤሳህ ማክሰኞ ጠዋት በአይሱዙ መጣ። ሁለት ሠራተኛና የሞተር መጋዝ ይዟል። መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው የእኛው የየቡ ልጅ ሀቢቡላህ ነው። ጀቤሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ወረቀቱን ሰጠኝ። ፊርማህን አየሁት። የአባትህን ፊርማ ቁርጥ ነው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ወረቀቱን መለስኩለትና ዳንቴሌን ይዤ ቀረሮው ሥር ቁጭ አልኩ።

"እማማ፣ ይነሱ እንጂ። ወረቀቱ ሕጋዊ ነው" አለኝ።

"ነው" አልኩት።

"እኛ እስከ ማታ መቆየት እንችላለን፣ ይደክምዎታል።"

"ይህ ዳንቴል ለስድስት ወንበር ነው፤ ገና አንዱን ነው የጀመርኩት" አልኩት።

ሀቢቡላህ መሬት መሬት ያያል። ጀቤሳ ወዲያ ወዲህ ይላል። በዚህ መሀል በወንዙ በኩል አባቦራ ከሁለት ልጆቹ ጋር ብቅ አለ። አህያ እየነዱ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ሊያይ የመጣ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ሲመኘው የነበረ ነገር ነውና። ፊቴን አዞርኩ።

እሱም አላየኝም። ከአህያዋ ላይ ቀፎ ያወርዱ ጀመር። አዲስ የተሠራ፣ ገና ጭድ ጭድ የሚሸት ቀፎ። ትልቁ ልጁ በገመድ ሰሳው ዛፍ ላይ ወጣና አንዱን ሰቀለ። ከዚያ ዋንዛው ላይ። ከዚያ ሁለተኛው ዋንዛ ላይ። ጀቤሳ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ሲገባው ጮኸ።

"ኧረ አባቦራ! ምን እየሠራህ ነው?"

"ወላሂ ምንም። ቀፎ እየሰቀልኩ ነው። የንብ ወቅት አይደል?"

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። እኛ ጋ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አይቆረጥም። መሬቱ የማንም ይሁን፣ የቀፎው ባለቤት ወይም ልጁ በገዛ እጁ ካላወረደው፣ ያንን ዛፍ መጋዝ አይነካውም። የትም አልተጻፈም። ግን አንተም ታውቀዋለህ፤ በዚህ ወግ ነው ያደግከው።

ሀቢቡላህ የመጋዙን ሞተር አጠፋ። "ሂን ታኡ" አለ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። "የንብ ቤት ያለበትን ዛፍ አልቆርጥም። እናቴ ብትሰማ ደጇን አታስረግጠኝም።"

"ቀፎው እኮ ባዶ ነው!" አለ ጀቤሳ።

"ባዶ ቤት ባለቤት የለውም ያለህ ማነው?" አለው አባቦራ።

ቀረሮው ብቻ ቀረ። አባቦራ ከአህያዋ የመጨረሻውን ቀፎ በራሱ እጅ አወረደ። ይኼኛው አዲስ አልነበረም። በጭስ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል። ፊት ለፊቱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለው፤ መስቀል፣ ከሥሩ ግማሽ ጨረቃ። ዳንቴሌ ከእጄ ወደቀ። የአባትህ ምልክት ነው። መስቀሉን ለራሱ፣ ግማሽ ጨረቃዋን ለጓደኛው ለአባቦራ ብሎ ያወጣው ምልክት። ለካ ከቀብሩ በኋላ አባቦራ ጎተራው ውስጥ አስቀምጦት ነበር። እኔ እህቱ እንኳ አላውቅም ነበር።

ቀረሮው ላይ ከሰቀሉት በኋላ ለጀቤሳ እንዲህ አለው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። "ይህን የሚያወርደው ሰብስቤ ነበር። ሰብስቤ የለም። ልጁ ይምጣና በእጁ ያውርደው። ካወረደው ይቁረጥ፤ ገመዱን እኔ ራሴ እይዝለታለሁ።"

ጀቤሳ ባርኔጣውን አደረገና አይሱዙው ውስጥ ገባ። ሲሄድ፣ "የእናንተን ነገር እናንተው ጨርሱ፤ እኔ ቀብዴን ከልጁ እቀበላለሁ" አለ።

እኔም አባቦራን ተከትዬ፣ "ዝንጀሮው እዚህ አይደል የሚያድረው? ዛፉ ቢቆረጥ የምትገላገለው አንተ አይደለህም ወይ?" አልኩት።

ዘወር ብሎ አየኝ። ከመስከረም ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። "እኔ የተጣላሁት ከአንቺ ጋር ነው" አለኝ፤ "ከዛፉ ጋር ማን አጣላኝ?" ብሎ አህያዋን እየነዳ ሄደ። ደህና ዋዪ እንኳ አላለኝም።

ዓርብ ዕለት ጽዮናዊት መጣች። ተመርጠዋል፣ ሐምሌ ላይ ጅማ አዳራሽ ውስጥ ይሸለማሉ፣ በርዎ ላይ የሚተከል ሰሌዳም ይሠራልዎታል አለችኝ። "ስሙ ላይ አባቦራም ይግባ" አልኳት። "እናቴ፣ ደንቡ ለአንድ እርሻ አንድ ስም ነው" አለች። "ዝንጀሮው የሚበላው የእሱን በቆሎ ነው፣ ዛፉን ከመጋዝ ያስጣለው እሱ ነው፤ እኔ ዳንቴል ነው የሠራሁት። አውሬ ማኖር የአንድ ሰው ሥራ የመሰለው ማን ደንብ አውጪ ነው?" አልኳት። ደንቡን ደገመችልኝ። "እንግዲያው ደንቡን ሸልሙት" ብዬ በሩን ዘጋሁት። ልጅቷ ታሳዝናለች፤ ግን ዘጋሁት።

ዮኤል፣ ቀፎው ተሰቅሏል። እኔ አላወርደውም። አባቦራም አያወርደውም። ለልጅህ ማደሪያ የሚጨነቀው ማነው ብለሃል፤ እኔ ነኝ። የአያቱን ቀፎ የሚያይበት ዛፍ እንዲኖረው የምጨነቀው እኔ ነኝ። ና፤ ካልመጣህም አትምጣ። መነጽርም፣ ቃልም፣ ምንም አልጠይቅህም።

አበራሽ ነኝ


ቤርገን፤ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ አበራሽ

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ልያ በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት፤ ሔራን ብለናታል። ለጊዜው የምትተኛው በእኔና በልያ መሀል ነው።

ሙኒር፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ቀረሮው ሥር ሄዶ የቀፎውን ፎቶ ልኮልኛል። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን ብረት እሳት ውስጥ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ፎቶውን ፋብሪካው ውስጥ በእረፍት ሰዓት አየሁት፤ ደወሉ ሲደወል አልሰማሁትም።

ይቅርታ አልጠይቅም። መሬቱ የእኔ ነው ብያለሁ፣ አሁንም የእኔ ነው። እርስዎም አባቦራም በእኔ ላይ ተማክራችሁ ከሆነ አልወደድኩትም። ሳትማከሩ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የሌላ ሰው ዛፍ ላይ ያለፈቃድ ቀፎ መስቀል ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይህን ለአባቦራ ይንገሩልኝ።

ለጀቤሳ ግን ቀብዱን መልሻለሁ። ውክልናውንም ሰርዣለሁ። ሽልማቱን ብዬ አይደለም፣ ጉሬዛውን ብዬም አይደለም። የአባቴን ቀፎ የማወርደው እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ አላወርደውም። ማንም እንዲያወርደው አልፈቅድም። በርትታችሁ ጠብቁት።

መነጽሩን አዲስ አበባ በሚገባ ሰው ልኬዋለሁ። አልፈልግም ብለዋል፤ ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ዮኤል


የቡ፤ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮኤል፣ ለልያ እና ለትንሿ ሔራን

ሰላማችሁ ይብዛ፤ ትከሻህ ይጽና፤ ልጅቷ ተባርካ ትደግ። ይህን የምጽፍልህ ከቤቴ ሆኜ አይደለም፤ በአባቦራ በቆሎ መሀል፣ ማማ ላይ ተሰቅዬ ነው። ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ ማማው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እንዴት እንደወጣሁ ልንገርህ። ጽዮናዊት ተመልሳ መጣች። አለቆቿን አስቸግራ፣ ለእኛ ሲባል ደንቡን አስጥሳ፣ ሁለት ስም ይሁን አስብላለች። ወረቀቱን ይዤ አባቦራ ቤት ሄድኩ። አንብቤለት ሲያበቃ፣ "አልፈልግም" አለኝ። እኔም፣ "አንተ መድረኩ ላይ ካልቆምክ እኔም አልቆምም" አልኩት። በኋላ፣ "እሺ እቆማለሁ። ግን ዝንጀሮው ካንቺ ዛፍ እስከወረደ ድረስ የእኔን በቆሎ አንቺም ተራ ገብተሽ ትጠብቂያለሽ። ሰሌዳ ቆሞ አይጠብቅልኝም" አለ። በስድሳ ዓመቴ ማማ ልወጣ! ሊያስፈራራኝ ነበር የፈለገው። "መሰላሉን አጠንክረው" አልኩት።

ጅማ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስማችን ሲጠራ አባቦራ ኮፍያውን አስተካክሎ ከጎኔ ቆመ። ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡኝ ለእሱ አሳለፍኩት። ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቢስሚላህ። እኔ ዝንጀሮ አልወድም" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አልወድም። በቆሎዬን የበላኝ እሱ ነው። ግን ዛፍ አልቆረጥኩም፣ አላስቆረጥኩምም። እዚህ የመጣችሁ ትልልቅ ሰዎች፣ አውሬ ያኖረውን ስትሸልሙ አውሬው የማንን እራት እንደበላ ጠይቁ።" ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ ያጨበጨቡት እንደ መጀመሪያው ለወጉ አልነበረም። ጽዮናዊት ስታለቅስ አየኋት። እኔ አላለቀስኩም፤ ወይም አልታየሁም።

ሰሌዳውን በሬ ላይ አላስተከልኩትም። በእኔና በአባቦራ ድንበር ላይ፣ ወደ ላይኛው ድርሻ በሚያወጣው መንገድ አፍ ላይ አቆምነው። የመጪውን ዓመት ቡናም የአባቦራ ልጆች ሊለቅሙልኝ ቃል ገብተዋል፤ አናቱን እንዳይነኩ ገና ከአሁኑ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

"ያለፈቃድ ቀፎ መስቀል ምን ዓይነት ሥራ ነው" ያልከውን ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። "የሰብስቤን ቀፎ በሰብስቤ ዛፍ ላይ ብሰቅል ምን አጠፋሁ? ለልጁ ንገሪው፤ ይምጣና ይክሰሰኝ" ብሏል።

መነጽሩ ደርሶኛል። አልፈልግም ብዬ ነበር፤ አሁን አንገቴ ላይ ነው። በእሱ ከዚህ ማማ ላይ ሆኜ የአባትህን ቀፎ አያለሁ። ንብ ገብቶበታል፣ ዮኤል። ከአዲሶቹ ሁሉ ቀድሞ፣ የተሸራረፈው አሮጌው ውስጥ ገባ። አፉ ላይ ሲተራመሱ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ፤ አንዳንዴ የመጣሁበትን እረሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም አለ፤ የእኔና የአባቦራ። ሰዓሊው ሊጨርስ ሲል ከሥር አንድ መስመር ባዶውን እንዲተውልኝ ነገርኩት። የማን ነው አለኝ። "የላይኛው ድርሻ ባለቤት ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ አይወድም፤ በቤታችን ማንም አይወድም" አልኩት። በአንተ ስም አላስጻፍኩትም። መጥተህ በገዛ እጅህ ትጽፈዋለህ። ሔራንን ይዘህ ና።

አሁን ይብቃኝ። ዝንጀሮዎቹ ከዛፉ መውረድ ጀምረዋል፤ አባቦራም ከታች ሆኖ፣ "አደ አበራሽ፣ ብዕሩን ጣይና ጩሂ!" እያለኝ ነው። ልነሳ።

አክስትህ አበራሽ